ብስክሌቱ ደህና ነበር

እኛ ሰፈር ባጃጅ ነጂዎች የኋላ መስታወታቸው ላይ የሚለጥፉት አንድ አባባል አለ። የሚለጥፉት እንዲያው ደስ ስላላቸው ነው፤ ከማን አፍ፣ በምን ቀን እንደወጣ አንዳቸውም አያውቁም። እኔ ግን ሲነገር እዚያው ነበርኩ። እስቲ ልንገራችሁና እናንተ እንኳ እወቁት።

ደሴ ውስጥ ብስክሌት መጠገን ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ድሮ ሱቄ ደጃፍ የምትሰበሰብ አንዲት ትንሽ የብስክሌት ቡድን ነበረች። ከልጆቹ ሁሉ የማይለያዩት አስናቀና ልዑልሰገድ ነበሩ፤ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት አብረው ያደጉ። የቡድኗን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ ማንም የራሱን ብስክሌት አይፈትሽም፣ ጓደኛው ይፈትሽለታል። ሰው ለራሱ ሲሆን ዓይኑ ሰነፍ ነዋ! የላላ ብሎን እያየ "ግድ የለም፣ ለዛሬ ይበቃል" ይላል።

ሁለቱ ታዲያ ሕጌን ወደ ኑሯቸው ወሰዱት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፌ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ይሉና አንዱ "እንዴት ሰነበትክ? እውነቱን!" ይላል። ሌላው የዋሸውንም፣ የተጣላውንም፣ የተመኘውንም ሳይደብቅ ይናገራል። እኔ ጎማ እየለጠፍኩ እሰማቸዋለሁ።

"እናንተ ልጆች፣ ቄሱን ሥራ ልታስፈቷቸው ነው እንዴ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ጋሽ አንዳርጌ፣ ቄሱ የሚያናዝዙን ከወደቅን በኋላ ነው" አለኝ አስናቀ። "እኛ የምንጠያየቀው ሳንወድቅ እንድንያያዝ ነው።" የእሱ ነገር! መልስ አያጣም ነበር።

አንድ ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ የአስናቀ እናት ሞቱ። ልጁ ከቀብር ሲመለስ ሌላ ሰው ሆነ። መጠጥ ጀመረ፤ መጀመሪያ ቢራ፣ ኋላ ደግሞ በጠዋቱ አረቄ። ልዑልሰገድ እንደ ልማዱ እሑድ ጠብቆ ጠየቀው። አስናቀ ፊቱ ተለዋወጠ።

"እናቴን የቀበርኩ ሰው ነኝ! ትመረምረኛለህ ደግሞ? የነፍስ አባቴ ነህ?" ብሎት ተነስቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አግዳሚዋ ላይ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ጎማና ስለ ኳስ ሆነ። ልዑልሰገድን ለብቻው ይዤ "ምነው ልጄ፣ ተውከው?" አልኩት።

"ሐዘንተኛ ነው ጋሼ። ደግሞም ይቀየመኛል። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?" አለኝ።

እኔስ? አፍ አልነበረኝም? "ጓደኛው ነው፣ እሱ ያውቅበታል" ብዬ ወደ ጎማዬ ተመለስኩ። ይህቺን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልኳትም።

ሰኔ ላይ ውድድር መጣ። ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚገባ ነው። ሐረጎን ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፣ ጎኑ ገደል። ጠዋት ልዑልሰገድ ተንበርክኮ የአስናቀን ብስክሌት ፈተሸ፤ እኔ መፍቻ አቀብለዋለሁ። ፍሬኑን ያዘ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ያዘ። የፊት ጎማውን ብሎን ሁለት ጊዜ አጠበቀ። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቆ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ቀና ሲል አስናቀ ከፊቱ ቆሟል። ከረሜላ ቢመጥም አረቄው እኔ ድረስ ይሸታል። ተያዩ። የልዑልሰገድ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ምንድን ነው?" አለው አስናቀ።

"ምንም። ብስክሌቱ ደህና ነው" አለና ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

አስናቀ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ቀረ። ከኋላው የነበሩት እንደነገሩን ፍሬን ለመያዝ እንኳ አልሞከረም፤ መንገዱ ሲታጠፍ እሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ! አይ፣ ይቅር፣ አይነሳ።

በሠልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የሚወራው "ፍሬኑ ተበጥሶበት ነው" የሚል ነበር። አባቱ ጋሽ ወንድይፍራው የእህል ነጋዴ ናቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው። ብስክሌቱን አስመጡና "አንዳርጌ፣ እስቲ እየው" አሉኝ። አየሁት። መሪው ተጣሟል፤ ፍሬኑ ግን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ምን ልበል? "ብስክሌቱ ደህና ነው" አልኩ።

ይህን ጊዜ ልዑልሰገድ ከተቀመጠበት ተነስቶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

"እኔ ነኝ አባባ! ጠዋት ሸቶኝ ነበር። ብስክሌቱን ፈትሼ እሱን አለፍኩት። እንዳይቀየመኝ ብዬ... ዝም አይነቅዝም ብዬ!"

ይረግሙታል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው አንስተው ከጎናቸው አስቀመጡት፤ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

"እኔም እኮ ሸቶኛል" አሉት። "አንድ ቤት እያደርን! ሐዘን ነው፣ ይተወዋል እያልኩ አለፍኩት። አርባ ዓመት እህል ነግጄ ይህን ማወቅ ያቅተኝ? ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው ጎተራ ከፍቶ አያውቅም። ጆንያውን ሳትነካው ከርመህ ስትፈታው ላዩ ደህና ነው፣ ውስጡ ዱቄት ሆኗል። እኔ እንግዲህ ልጄን አላገኘውም። አንተ ግን እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ና፤ እኔም እጠይቅሃለሁ፣ አንተም ጠይቀኝ። ብቆጣም ጠይቀኝ ልጄ፤ እህል ካልተገላበጠ፣ ጓደኛም ካልተጠየቀ ይነቅዛል።"