በዋንዛ ጥላ የተዘራ በርበሬ

«አንድ ተሸካሚ ነበረ» አሉ መምሬ ዘውገ።

የጠየቃቸው ሰው ሸማኔ ነው። ልጁ ፈተናዋን አልፋ ሩቅ ከተማ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ተጠርታለች። እሱ ፊደል ሳይቆጥር በሰው ቤት ያደገ ሰው ነው፤ በልጅነቱ የቀረበትን ሁሉ በእሷ ለማየት ሲጠብቅ ኖሯል። ነገር ግን ከዓይኑ ሥር ሆና እንጂ ርቃ ሄዳ ይሆናል ብሎ አላሰበም። «ልልቀቃት ወይስ ላቆያት?» ነበር ጥያቄው። መምሬ ልቀቃትም አትልቀቃትም አላሉትም። ተሸካሚውን አመጡለት።

ሰውየው በበርበሬ አገር ተወለደ። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ መሬቱን ዘመድ ወሰደው፤ እሱም ወደ ከተማ ወጣ። በዚያ ዘመን የት እንዳደረና ምን እንደበላ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ትከሻውን ላየ ሰው መንገርም አያስፈልግም ነበር። ሠላሳ ዓመት የሰው እህል ከተሸከመ በኋላ ከገበያው ዳር አንዲት ጎጆ ከነጓሮዋ አገኘ። ጓሮዋን በምሥራቅ የጎረቤት ፎቅ፣ በምዕራብ የሌላ ሰው ዋንዛ ይጋርዷታል። ፀሐይ ረፋዱ ላይ ብቅ ትላለች፤ ሦስት ሰዓት ያህል ቆይታ ትሄዳለች።

ጎጆው ውስጥ በገባ በዓመቱ ከአገሩ የመጣ ነጋዴ ከአባቱ መሬት የተለቀመ ጥቂት ዛላ በርበሬ ሰጠው። ሰውየው ዛላውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ብዙ ቆየ። በኅዳር አገሩ ሁሉ ቀይ ይሆን ነበር፤ ማሳው፣ ጣራው፣ ሰሌኑ፣ የለቃሚዎቹ እጅ ሳይቀር። «ያን ቀይ በገዛ ደጄ ሳላይ አልሞትም» አለ በልቡ። ከዚያ በቀር የሚመኘው ነገር አልነበረውም።

ዛላውን ከሦስት ከፈለና አንዱን እጅ ዘራ። በርበሬው ፈጥኖ በቀለ፣ ቁመቱ ወገቡ ደረሰ፣ አበባም አወጣ። አበባው በሳምንት ውስጥ ረግፎ መሬቱን ነጭ አደረገው። መሬቱ ደክሞ ነው ብሎ በሁለተኛው ዓመት ፍግ ተሸክሞ አመጣ። ቅጠሉ ይበልጥ ወፈረ። ፍሬ ግን የለም።

በአጥሩ ማዶ ምላሷ የማያርፍ አንዲት ሴት ነበረች።

«አያ፣» አለችው አንገቷን አስግጋ፣ «በርበሬ ነው የተከልከው ወይስ ጌሾ?»

«በርበሬ ነው።»

«እንግዲያው ዶሮዬን አላርድም። ያንተ በርበሬ እስኪደርስ በእርጅና ትሞታለች።»

እሱ አልሳቀም።

በሦስተኛው ዓመት የቀረውን ዘር ሁሉ በአንድ መደብ ላይ ዘራው። ነጋዴው ሞቷል፤ የአባቱም መሬት ጫት ተተክሎበታል ሲባል ሰምቷል። ይህ ከጠፋ የአባቱ ዘር ጠፋ ማለት ነው። ችግኙ አምሮ ወጣ፤ ስንዝርም ሞላ። ያን ጊዜ ሴትዮዋ መጣች። አልቀለደችም።

«ከወንዙ ማዶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የማይለየው መሬት አለኝ። ችግኙን ስጠኝና ልትከለው።»

«የአባቴ ዘር ነው» አላት።

«የአባትህ መሆኑን ማን ካደህ? አባትህ ችግኝ የሚያፈላው የት ነበር?»

ሰውየው ያን ጊዜ አስታወሰ። አባቱ ችግኝ የሚያፈላው በሣር ዳስ ሥር ነበር። ሣሩን አጭዶ ዳሱን የሚከድነውም ራሱ ነበር። ችግኙ ስንዝር ሲሞላ ግን አባቱ ከጥላው እየነቀለ ወደ ገላጣው ማሳ ያወጣዋል። አንድም ቀን «እዚሁ ለምልሞልኛል፣ ይቆይልኝ» ሲል አልተሰማም። ተሸካሚው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የናፈቀው ቀዩን ማሳ ብቻ ስለነበር ዳሱን ረስቶት ኖሯል።

በማግስቱ ፀሐይ ስትበርድ ተንበርክኮ ችግኙን አንድ በአንድ ነቀለ። ለማስታወሻ እንኳ አንዲት አላስቀረም። በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሰጣት። ያን ምሽት እራት አልበላም። በባዶው መደብ ላይ ጎመንና ቆስጣ ዘራ፤ ጥላው ተስማማቸው፤ ያንኑ ሲበላ ከረመ።

በኅዳር ወንዙን ተሻግሮ ሄደ። ማሳው ቀልቷል። እሱ ከዳር ቆመ።

«ግባ እንጂ፣ እንግዳ ነህ እንዴ?» አለችው ሴትዮዋ።

«ከዚህም ይታየኛል» አላት።

ለዘር የሚሆነውን ዛላ እሱ እንዲመርጥ አደረገች። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ችግኙ በእሱ ጥላ ይፈላ፣ ፍሬው በሰው ማሳ ይቀላ ነበር። ሌሎችም ሰምተው መጡ፤ ለሁሉም ሰጠ። በገዛ ደጁ ግን አንድ ቀይ በርበሬ ሳያይ ሞተ።

መምሬ ዘውገ ይህን ብለው ወደ ሸማኔው ዞሩ።

«ያ ጓሮ ያንተ ቤት ነው። በልጅነትህ የቀረብህን ፀሐይ እኔ አልመልስልህም፤ ልጅህም አትመልስልህም። በጥላ ያደገ ሰው ቤቱም ጥላ ይሆናል። ይህ ነውር አይደለም፤ ችግኝ የሚፈላው በጥላ ነው፤ አንተም አፍልተሃታል። ካቆየሃት እዚሁ ትለመልምልሃለች፣ ትረዝምልሃለች። አበባዋ ሲረግፍ ግን ቁጭ ብለህ ታያለህ።»

ሸማኔው ወደ መምሬ ጠጋ አለ።

«ናፍቆቱስ፣ መምሬ?»

«እሱ አይለቅህም። ሰውየውን መች ለቀቀው? ላንተ መደብ የሚሆን ጎመን አይጠፋም፤ እሱን ዝራ።» ቀጥለውም «ልጅህ መቼ ነው የምትሄደው?» ሲሉ ጠየቁት።

«ሰኞ ተብላለች። እኔ እንኳ ካኮረፍኳት ሳምንት አልፎኛል።»

«ሳምንት ሙሉ አላናገርካትም?»

«አላናገርኳትም።»

«እንግዲያው ተነሥና ዛሬውኑ አናግራት» አሉት። «ችግኝ ከመነቀሉ በፊት መደቡ ውኃ ይጠጣል። ከደረቅ መሬት የተነቀለ ሥሩን ትቶ ይሄዳል።»