በአስታራቂው ግራና ቀኝ

ትርሲት የኬሚስትሪ ተማሪ ናት። «መምህር፣ ሁለቱን ሞለኪውሎች የሚያገናኘው ፓላዲየም የተባለው ብረት ነው» አለች። «ታዲያ ብረቱን ተጣብቀው የሚከቡትን ሞለኪውሎች፣ ሊጋንዶቹን፣ ወር ሙሉ በኮምፒውተር ማስላት ምን የሚሉት ሥራ ነው? ለምን ዝም ብለን ቀላቅለን አናየውም?» መምህሩ መነጽሩን አወለቀና እንዲህ አላት።

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ ነው። ታናሽ ወንድሙ በእርሻ ድንበር ተጣልቶት ወንዝ ተሻግሮ ከኖረ አምስት ዓመት ሆኖታል። ገበሬው ወንድሙ ናፈቀው። እህል ሲወቃ የዚያ ልጅ ድምፅ ይጎድለዋል፤ ማዶ ጭስ ባየ ቁጥር ሥራውን ትቶ ይቆማል። ቀድሞ እንዳይሄድ ኩራት ያዘው። ኩራት ደግሞ ክፉ ነው።

በዚያ አገር ዕርቅ የሚደረገው በዓመት አንዴ፣ ከአጨዳ በኋላ ነው። ገበሬው አንድ የታወቀ አስታራቂ ለመነ። አስታራቂው «ሲያየን ይፈር» ብሎ ዐሥራ ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በግራና በቀኙ አስቀመጠ። ታናሽየው ከሩቅ ያን ሁሉ ጋቢ ሲያይ የሚጠጋበት ቦታ አጣና ተመለሰ።

በዓመቱ አስታራቂው «እንግዲያስ ብቻዬን» አለ። ታናሽየው መጣ፤ ብሶቱን ሁሉ እላዩ ላይ ዘርግፎ እዚያው ተጣበቀ። «ከእንግዲህ ወንድሜ አንተ ነህ» አለው። ገበሬው አምስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ይህን ሰማ። ያን ቀን አለቀሰ።

በሦስተኛው ዓመት አስታራቂው መደቡ ላይ አመድ በተነና ባቄላ ይደረድር ጀመር። «ይኼ ቁጡ ሽማግሌ ነው፤ እዚህ ቢቀመጥ ልጁ ይሸሻል» ይልና ያነሣል፤ ሌላ ያስቀምጣል።

«የኔ ወንድም ባቄላ ነው እንዴ?» አለ ገበሬው ተናዶ። «ተነሥና እንሂድ እንጂ!»

«ያለ ባቄላ ሁለት ዓመት ወሰድኩብህ። አሁን ሁለት ቀን ስጠኝ።»

ከዚያ ሁለት ሰው ብቻ ጠራ። በግራው በኩል ትከሻቸው የሰፋ ቄስ ተቀመጡ፤ በዚያ በኩል ማንም አያልፍም። በቀኙ ወንድማማቾቹን ያሳደገች ቀጭን አክስታቸውን አስቀመጠ። አግዳሚው ላይ ከእርሷ ጎን የቀረው ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ነው፤ አንዱን ገበሬው ያዘው። ታናሽየው መጣ፣ ሌላ መቀመጫ አጣ፣ ተቀመጠ። ጉልበታቸው ተነካካ።

«ሸብተሃል እኮ፣ ጋሼ» አለ።

ገበሬው የወንድሙ አንገት ላይ ተጠመጠመ። አስታራቂው ጋቢውን አንሥቶ ሌላ የተጣላ ወዳለበት መንደር ሄደ።

መምህሩ ወደ ትርሲት ዞረ። «ልጄ፣ ፓላዲየምሽ አስታራቂው ነው፤ ወንድማማቾቹ የሚገናኙት ሞለኪውሎች ናቸው፤ ሊጋንዶቹ አጠገቡ የሚቀመጡት ናቸው። ሲበዙና ሲገዝፉ ማንም አይቀርበውም፤ ሲጠፉ የመጣው ሁሉ ይጣበቅበታል። ባቄላው የኛ ስሌት ነው። ዝም ብለሽ ብትቀላቅዪም አንድ ቀን ይሳካልሽ ይሆናል። ግን እነዚያን ሁለት ዓመታት ለገበሬው ማን ይመልስለታል?»