ያለቀሰው ወይን

አንድ ድንጋይ የበዛበት አገር ነበር። ለቅዳሴ የሚሆነው ዘቢብ ከሩቅ ቆላ በአህያ እየተጫነ ይመጣል፤ ጎርፍ መንገዱን በቆረጠው ጊዜ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ያለ ዘቢብ ይቀራል። ይህ ነገር ደብሪቱ የምትባለውን አንዲት ልጅ የሌላት መበለት አንገበገባት። ገደል ወርዳ፣ ከቋጥኝ መሀል የበቀለ የዱር ወይን ነቅላ አመጣችና ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር፣ ማንም ለእርሻ ከማይፈልገው ጠጠራም መሬት ላይ ተከለችው።

የዱር ወይን ብርቱ ነው። ድርቅ አይጥለውም፣ ውርጭ አይበግረውም። ችግሩ ጥጋቡ ነው። ከለቀቁት ሐረጉን እየሰደደ በየዛፉ ይንጠላጠላል እንጂ ፍሬው ሽምብራ አያክልም፣ ጣዕሙም ጥርስ ያጠርሳል። ደብሪቱ ጠባዩን ለማወቅ ስድስት ዓመት ፈጀባት። ፍግ አታበዛበትም፣ ውኃም አታጠግበውም። በየዓመቱ በበጋው መጨረሻ፣ ከማቆጥቆጡ በፊት፣ ያረጀውን ሐረግ በማጭድ ትመለምልና ከየቅርንጫፉ አዲስ ቀንበጥ የሚወጣበትን ሁለት ሁለት ዓይን ብቻ ታስቀራለች። በሰባተኛው ዓመት ያገሩ ሰው የገዛ ወይኑን አስጥቶ በገዛ ዘቢቡ አስቀደሰ።

በስምንተኛው ዓመት ተድላ የሚባል አዲስ ጭቃ ሹም ተሾመ። ደብሪቱ ዓርብ ዕለት የመለመለችው ወይን እሑድም ከየቁስሉ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ሹሙ ከቅዳሴ ሲወጣ አየውና ሕዝቡን አስቆመ።

«ተመልከቱ! በቤተ ክርስቲያን ጥግ የተተከለ ተክል ሲያለቅስ! ይህች ሴት አንጀት የላትም እንዴ?»

«ልቅሶ አይደለም ጌታዬ» አለች ደብሪቱ። «ሥሩ ውኃ እየሳበ ነው። ካልተመለመለ አያፈራም።»

«ዝም በይ! መሀን ስለ ማሳደግ ምን ታውቃለች? ከእንግዲህ ይህን ወይን በስለት የነካ ይቀጣል።»

የሹሙስ ድንቁርና ነው ይባል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትለፋ ያያት፣ ከእጇ ወይን የቀመሰ ሕዝብ ግን አንድ ሰው እንኳ «ኧረ ይተዉ» አላለም። ሁሉም ነጠላውን እያስተካከለ ወደየቤቱ ሄደ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ ይኸ ነው።

ደብሪቱ ማጭዷን ከጣራው ሥር ሰክታ ተቀመጠች። ወይኑም ሐረጉን እንዳሻው ለቀቀ። በሁለት ክረምት አጥሩን ዋጠው፣ ደወሉ የተሰቀለበት ዛፍ ላይ ወጣ። ሰውም «ሲታዘንለት እንዴት ለመለመ!» እያለ ሹሙን አመሰገነ። ፍሬው ግን በቅጠል ተሸፍኖ ይሻግት ጀመር፤ የተረፈውም ኮምጣጤ ሆነ። በሦስተኛው ዓመት ጎርፍ መንገዱን ቆረጠና የንግሡ በዓል ያለ ቅዳሴ ዋለ። ይህን ጊዜ ሕዝቡ በሹሙ ላይ አጉረመረመ።

ሹሙ አንድ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ሰው ሁሉ ገበያ በሄደበት ሰዓት፣ በጓሮ በኩል ደብሪቱ ቤት ገባ።

«እመት ደብሪቱ፣ ያለፈው አለፈ። ማጭድሽን ያዢና ውጪ፤ ማንም አይነካሽም።»

«ጥፋቴ ምን ነበር?»

«ጥፋትስ የለብሽም። የተሳሳትኩ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ይህንኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ይንገሩልኝ።»

የሹሙ ፊት ጠቆረ። «ሹም እኮ ነኝ! ቤትሽ ድረስ መምጣቴ አይበቃሽም?»

ሦስት ዓመት የዋጠችው ንዴት ያን ጊዜ ገነፈለ። «በአደባባይ መሀን ብለው ሰድበውኝ በጓሮ ሊታረቁኝ መጡ? ስድቡን የሰማ ጆሮ ሁሉ ይቅርታውንም ይስማ! አለዚያ ማጭዴን አላነሣም።»

«ተይ እንጂ፣ ለእግዜር ብለሽ» አለ ሽማግሌው።

«ለእግዜር ብዬማ ነበር የተከልኩት! ይውጡልኝ!»

ሹሙ ወጣ። ያ እሑድ አለፈ፣ ሌላም እሑድ አለፈ፤ እሱ ግን በሕዝብ ፊት አልቆመም። ዓመታት አልፈው ደብሪቱም ሞተች፤ ያን ወይን እንዴት እንደሚመለምሉት ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬም ዘቢቡ ከቆላ በአህያ ይመጣል። መንገደኛ ከወይኑ ጥላ ሥር አረፍ እያለ ልምላሜውን ያደንቃል።

አንዳንዶች «እሷስ ብትተወው ምን ነበረበት?» ይላሉ። እኔ አልልም። በሰው ፊት የተደረገ በደል በሰው ፊት ካልተካሰ፣ ይቅርታው የበዳዩን ፊት መሸፈኛ ነው። ለክብሩ የሳሳ ሹም አገሩን ፍሬ አሳጣ፤ ዝም ያለውም ሕዝብ አብሮት አሳጣ።

አንተስ፣ አንቺስ? በሰው መሀል አዋርዳችሁ ለብቻው «ይቅርታ» ያላችሁት ሰው የለም? ወይስ ያን ቀን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከሄዱት ወገን ናችሁ?