ውድነሽ፣ ያልተከደነው ፍምና ዋስ የሆነችው ከሳሽ

«ተረት ተረት!»

«ተናገሪ፣ ጆሯችን ክፍት!»

ጆሯችሁ ክፍት ይሁን። አፋችሁን ግን ዝጉ፤ ያለዚያ ነገሩ ያመልጣችኋል።

በድሮ ዘመን ውድነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ክብሪት የሚባል ነገር በአገሩ አልነበረም። ምድጃው የጠፋበት ሰው የሸክላ ስባሪ፣ ገል ይዞ ጎረቤት ይሄዳል፣ ፍም ይጭርና ይመለሳል። አንድ ቀን ጠዋት ውድነሽም ከጎረቤቷ ከእትዬ ማንጠግቦሽ እሳት ጫረችና በአውድማው ጥግ አልፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ነፋስ ነበር። ገሉን አልከደነችውም። ገና ድስቷን ሳትጥድ ጩኸት ሰማች። ወጥታ ብታይ አውድማው ላይ የማንጠግቦሽ የጤፍ ክምር ይነዳል!

መንደሩ ቅጠል ይዞ ሮጠ። ክምሩ ግን አመድ ሆነ። ከዚያም ማንጠግቦሽ ወገቧን ይዛ ጮኸች፦ «ውድነሽ ናት! በድንበር ስለተጣላን ሆን ብላ ነው ያነደደችኝ!»

ያኔ እስር ቤት በየመንደሩ የለም። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠርና ቁራኛ ሆነው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። አብረው ይበላሉ። ሜዳም አብረው ይወጣሉ፤ አትሳቁ! ዋስ ያገኘ ይፈታል፣ ዋስ ያጣ ፍርድ እስኪሰጥ እንደተቋጠረ ይቆያል። ሆን ብሎ ክምር ያቃጠለ ደግሞ ተገርፎ ከአገር ይባረራል።

ውድነሽ ይህን ስለምታውቅ ፈራች። የባሰው ፍርሃቷ ግን ሌላ ነው። ያቃጠለችው እሷ ትሁን አትሁን ራሷም አታውቅም። «ከገሌ ፍንጣሪ በርሮ ይሆን?» ትላለች በልቧ። «ወይስ የሌላ ሰው እሳት ነው?»

ሁለቱ ተቋጥረው ሲሄዱ ዕድሜውን በዳኛ ደጅ የፈጀ አንድ ሽማግሌ፣ አያ ድንበሩ፣ መንገድ ላይ አገኛቸው። ውድነሽ ተለማመጠችው፦ «አያ ድንበሩ፣ ዳኛው ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«ካጂ። ገል የሚባል ነገር በእጄ አልነካሁም በይ።»

ማንጠግቦሽ ከጎኗ ጣልቃ ገባች፦ «እሳቱን የሰጠኋት እኔ! የምትክደው ማንን ነው?»

«ዝም ብልስ?» አለች ውድነሽ።

«ዝም ካልሽ እሷ ትናገርልሻለች።»

«ብጠፋስ?»

ማንጠግቦሽ ነጠላውን ሳብ አደረገችና ፦ «ወዴት? እኔን አዝለሽ?» አለቻት።

«የጠፋ ሰው ጥፋቱን አመነ ማለት ነው» አለ አያ ድንበሩ፣ ነገር ሸቶታልና ሊያይ ተከተላቸው።

«ወይ ጉዴ!» አለች ውድነሽ። «ከሳሼን ጎኔ አቁሜ ምክር እጠይቃለሁ!»

ዳኛው ዋርካ ስር ተቀምጠዋል። ባለጉዳዩ እንደ ጉንዳን ነው። ክሱን ሰሙና ፦ «የሳምንት ሰው ይበለን፤ ፍርዱ የዛሬ ሳምንት ነው። ተከሳሽ፣ ዋስ ጥሪ» አሉ።

ውድነሽ ዞር ዞር ብላ አየች። አንዱ ሰማይ ያያል፣ አንዱ እግሩን ያካል። አያ ድንበሩ እንኳ ሳል መጣበት። ሳምንት ሙሉ ተቋጥሮ መክረም ሊመጣ ነው። ማንጠግቦሽ ይህን ጊዜ ትናንት የወለደች ላሟ ትዝ አለቻትና ፦ «ዋሷ እኔ ነኝ!» አለች።

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ፦ «አንቺ ከሳሽ አይደለሽም እንዴ?» አሉ።

«ነኝ፣ ጌታዬ! ላሜን ማን ያልባት? ይቺ እንደሁ የትም አትሄድ። ተንኮል የሚባል አታውቅም!»

«ተንኮል የማታውቅ ሴት እንዴት ሆን ብላ አነደደችሽ?»

ማንጠግቦሽ አፏን በእጇ ያዘች።

ዳኛው ወደ ውድነሽ ዞሩ፦ «አንቺስ?»

ያን ጊዜ ዝም ብትል ነጻ ልትወጣ ነው። አያ ድንበሩ ከኋላ በዓይኑ ካጂ፣ ካጂ ይላታል። ውድነሽ ግን ፦ «ሆን ብዬስ አላነደድኩም፣ ጌታዬ። ገሉን ግን አልከደንኩም፣ ነፋስም ነበር። የኔ ፍንጣሪ ይሁን አይሁን አላውቅም። ያላወቅሁትን እንዴት ልካድ?» አለች።

«ወይኔ ምክሬን!» አለ አያ ድንበሩ።

ዳኛው ሽማግሌዎቻቸውን አማከሩና ፈረዱ፦ «ሆን ብሎ ማጥፋትና ሳይጠነቀቁ ማጥፋት ለየቅል ነው። ግርፋቱም መባረሩም ቀርቷል። በነፋስ ቀን ፍም ሳይከድኑ በአውድማ ማለፍ ግን ጥፋት ነው። ውድነሽ፣ ከራስሽ የጤፍ ክምር እኩሌታውን ለማንጠግቦሽ ካሺ።»

እኩሌታው! ከአገሯ ባትባረርም ክረምቱ በምን ሊወጣ ነው? ውድነሽ ደስታዋንና ጭንቀቷን መለየት አቃታት። ተፈትተው ተመለሱ። መንደር ሲደርሱ ማንጠግቦሽ ቆም አለችና ፦ «ምድጃሽ ጠፍቶ ይሆናል» አለች።

«ጠፍቷል፣ እትዬ።»

«ነይ ጫሪ። ግን ክዳን ይዘሽ ነይ፣ አንቺ ቀውላላ!»

ውድነሽ ፍሙን ጫረችና በሌላ ገል ከደነችው። ከዚያም አውድማውን ትታ፣ በወንዙ በኩል ዞራ፣ ሩቁን መንገድ ሄደች።

እኔ ተረቴን አወረድኩ፣ እናንተ ደግሞ ቆሎውን ከመደቡ አውርዱ። ሰምቶ ሳያቀምሰኝ ሹልክ የሚል ካለ፣ ወየውለት! ነገ በጠዋት እከሰዋለሁ።