ሳይሰማ የተባለ አሚን

የከተማይቱን ስም አባቶቻችን አልነገሩንም። ረስተውት ይሁን፣ የልጅ ልጆቿ እንዳያፍሩ ብለው ደብቀውት ይሁን፣ አላህ ያውቃል። የነገሩን ይህን ብቻ ነው፤ ከገደል ሥር የተቆረቆረች አሮጌ ከተማ ነበረች። ላይኛውና ታችኛው የሚባሉ ሁለት ሰፈሮች ነበሯት። ከታችኛው ሰፈር ራስጌ ደግሞ የክረምቱን ጎርፍ ወደ ወንዙ የሚመልስ ረጅም የድንጋይ ካብ ነበረ።

ካቡ አርጅቶ ነበር። ባለፈው ክረምት መሐሉ ላይ ተሰነጠቀና በስንጥቁ ያለፈው ውሃ ሸማኔውን ኑረዲንን ከነቤቱ ወሰደው። ሬሳው የተገኘው በሦስተኛው ቀን፣ ከከተማው ብዙ ርቆ ነው። አላህ ይዘንለት። ከዚያ ወዲህ የታችኛው ሰፈር ሰው ደመና ባየ ቁጥር ልቡ ይርዳል። ልብስ ያሰጣ ልብሱን ትቶ፣ ምግብ የቀረበለት ምግቡን ትቶ ወደ ካቡ ያያል።

ሸህ ሱሩር ከዚህ ሰፈር ነዋሪዎች አንዱ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ለጀማዓው ዱዓ ማድረግ ከጀመሩ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። በዚያች ከተማ ሰው ሲጋባም፣ ሲታመምም፣ ተጣልቶ ሲታረቅም «ሸሆቹ አሚን ይበሉልኝ» ነበር የሚለው፤ ለክብራቸው ሲል «ሸሆቹ» ብሎ ነበር የሚጠራቸው። እሳቸው አሚን ያሉበትን ነገር ወደ ኋላ የሚመልስ አልነበረም።

ያም ሆኖ ፈሪ ሰው ነበሩ። ይህን የምናገረው ላሳንሳቸው አይደለም፤ ራሳቸው ሲናገሩት የኖሩትን ነው። ሁልጊዜ ከሱብሒ ሰላት ሲመለሱ በካቡ በኩል ያልፉና እጃቸውን ስንጥቁ ውስጥ ይከታሉ። በረጀብ ወር ሁለት ጣታቸውን ያስገባ ነበር። በሸዕባን መዳፋቸውን አስገባ። ረመዷን አልፎ ክረምቱ ሊገባ ሲል እጃቸው እስከ ክርናቸው ገባ። ያን ቀን እጃቸውን ሲያወጡ ከውስጥ እርጥብ አፈር ይዞ ወጣ፤ ቤታቸው እስኪደርሱም ከጣታቸው ላይ አላራገፉትም።

የኑረዲን ባለቤት እመት ሩቅያ ግን አልቅሳ ብቻ የምትቀር ሴት አልነበረችም። ባሏ ሸማ ሊሠራበት አዘጋጅቶት የነበረውን ድር ገምዳ ገመድ ሠራችና በሰፈሩ ቤት ለቤት ዞረች። ብዙው ሰው መጻፍ አያውቅም፤ ስለዚህ በጥያቄው የተስማማ አባወራ በገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል። ጥያቄውም አጭር ነበር። የከተማይቱ ገዥ ሹም በሺር በአደባባዩ ላይ ለሚያሠራው ትልቅ በር ያስከመረው ጥርብ ድንጋይ ለካቡ ይዋልልን፤ ግንበኞቹም ክረምት ሳይገባ ይምጡልን። ሰባ ስድስት ቤት ቋጠረ።

ሸህ ሱሩር ደጅ ስትደርስ ገመዱን ዘረጋችላቸው።

«እኔ አማላጅ ሆኜ ነው የምሄደው» አሏት። «አማላጅ ደግሞ አይቋጥርም።»

እንዲህ የሚል ሕግ የትም ኪታብ ላይ የለም። ሸሆቹም ያውቁታል። እውነቱ ሹሙን ፈርተው ነበር። ከዓመት በፊት ግንበኛው ጦይብ በገበያ መሐል «ካቡ ይወድቃል፣ ድንጋዩ ደግሞ ለጌጥ ተቀምጧል» ብሎ በመናገሩ ሹሙ ከነልጆቹ ከከተማ አስወጥቶታል። ሸህ ሱሩር ጦይብ ሲወጣ አይተዋል። የዛለች አህያ፣ የተጠቀለለ ሰሌን፣ እያነከሰች የምትከተል እናቱ ከዓይናቸው አልጠፉም።

ሰኞ ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ የሰፈሩ ሰዎች ሸሆቹን ከፊት አድርገው ሹሙ ዘንድ ገቡ። ሹም በሺር ተነስቶ ተቀበላቸው። የሸሆቹን ትከሻ ሳመ፣ በራሱ ምንጣፍ ላይ አስቀመጣቸው። ሩቅያ ገመዱን ፊቱ ዘረጋች።

«የታችኛው ሰፈር ሰው ዓይኔ ነው» አለ ሹሙ። «እንነጋገራለን። ብቻ ነገር ከመጀመራችን በፊት ዱዓ እናድርግ።»

ይህን ማን እምቢ ይላል? ሁሉም እጁን ዘረጋ።

የዚያ አገር ልማድ ታውቁታላችሁ፤ የእኛም ነውና። ዱዓ አድራጊው ትንፋሽ ለመሳብ ባቆመ ቁጥር ተቀማጩ አሚን ይላል። ቃሉን ማዳመጥ የአድራጊው ሥራ ነው፣ ጮኾ አሚን ማለት የእኛ ሥራ ነው የተባልን ይመስል። ሹሙ አላህን አመሰገነ፣ አሚን። በነቢዩ ላይ ሰለዋት አወረደ፣ አሚን። ለሙታን ለመነ፣ አሚን። ለታመሙት፣ አሚን። ለልጆች፣ ለከብቶች፣ ለዘሩ፣ አሚን፣ አሚን፣ አሚን። ሸህ ሱሩር በተከፈተው በር በኩል ከገደሉ ላይ የሚጠቁረውን ደመና እያዩ ነበር። ልባቸው ካቡ ጋ ነበር። አፋቸው ግን ልማዱን አልሳተም። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የሳቸው አሚን ነበር።

ሹሙ ድምፁን ሳይለውጥ ቀጠለ።

«ያ ረቢ፣ ይህን ካብ አንተው ጠብቀህ አቆይልን።»

«አሚን!»

«ለታችኛው ሰፈር ሰዎች ሶብር ስጣቸው። በካቡ ነገር ዳግመኛ ደጅ መጥናትን አስተዋቸው።»

«አሚን!»

«ድንጋዩንም ለታሰበለት በር አድርገው።»

«አሚን!»

ሹሙ ፊቱን በመዳፉ አበሰና ገመዱን ጠቅልሎ ለሩቅያ መለሰላት። «እንግዲህ አለቀ። ጉዳዩን ለአላህ ሰጥተነዋል፤ ሸሆቹም አሚን ብለውበታል። ከአሁን ወዲያ ይህን ነገር የሚያነሳ ሰው ከእኔ ጋር አይደለም የሚጣላው። ዱዓ የሚያፈርስ ሰው ደግሞ በዚህ ከተማ አይቀመጥም።»

ሰዎቹ ተያዩ። በመጡበት መንገድ ተመለሱ፤ በመንገድም ላይ ወደ ሸሆቹ ያየ እንጂ የጠየቃቸው የለም።

በማግስቱ የሹሙ አጋፋሪ ሸህ ሱሩር ቤት መጣ። «ሹሙ ሰላም ብለዎታል። በላይኛው ሰፈር፣ ከመስጂዱ አጠገብ ቤት ተጠርጎልዎታል። ዝናቡ ሳይጠነክር ይግቡ» አላቸው። ሸሆቹ «አስብበታለሁ» ብለው ሸኙት። ኋላ ሲናገሩ ግን «ያን ስሰማ ልቤ በደስታ ዘለለ። ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ደስታ ያስፈራኝ ነገር የለም» ብለዋል። ሰባ ስድስቱን ቤት ረስተው፣ ምንጣፋቸውን በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደሚያነጥፉ ማሰብ ጀምረው ነበርና።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሩቅያ መጣች። ገመዱን በእጇ ይዛለች።

«ሸሆች፣ ሰዉ ቋጠሮዬን ፍቺልኝ እያለኝ ነው» አለች። «አሚን ያልንበትን ደግመን ከጠየቅን መቅሰፍት ይወርድብናል ይላሉ። እስካሁን አሥራ አንድ ፈትቻለሁ።»

የተፈታውን የገመዱን ጫፍ አሳየቻቸው።

«እኔ ያን ዱዓ አላዳመጥኩትም። ባሌን እያሰብኩ ነበር። እኔ ግን እኔ ነኝ፤ እርስዎ እርስዎ ነዎት። ሰምተውት ነው አሚን ያሉት? ሰምተውት ከሆነ ይንገሩኝ፤ ቀደሬ ነው፣ የተጻፈልኝ ነው ብዬ ከካቡ ሥር እቀመጣለሁ። ሌላ አልጠይቅዎትም።»

ሁለት መልስ ነበራቸው። «ሰምቻለሁ፣ ሒክማ፣ ጥበብ አይቼበት ነው» ቢሉ ስማቸው ይቆማል፤ በላይኛው ሰፈርም በሰላም ይከርማሉ። «አልሰማሁም» ቢሉ ደግሞ ሰዉ የአርባ ዓመቱን አሚን ሁሉ መጠርጠር ይጀምራል። ለልጄ የተባለውስ? ለእናቴ ቀብር የተባለውስ? ሸሆቹ ከሁለቱ አንዱንም መናገር አቅቷቸው መሬት መሬት አዩ። ሩቅያ ትንሽ ጠበቀችና ሰላምታ ሰጥታ ወጣች። በዚያች ሰዓት ከገደሉ በላይ ነጎድጓድ ተሰማ።

ሐሙስን ጾመው ዋሉ። ከቤታቸው አልወጡም፤ ካቡን ለመንካትም አልሄዱም። እጃቸው እስከ ትከሻቸው የሚገባ መሰላቸው።

ጁምዓ ደረሰ። መስጂዱ እስከ ደጃፉ ሞላ። ሹም በሺር ከፊተኛው የሰጋጆች ሰፍ ላይ ነበር፤ ሴቶቹ ከመጋረጃው በስተኋላ ነበሩ። ሰላቱ አለቀና እንደ ልማዱ ሸህ ሱሩር ለዱዓ ተነሱ። ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ሸሆቹ ግን እጃቸውን አላነሱም።

«ዛሬ ዱዓ ከማድረጌ በፊት አንድ አሚን ወደ ኋላ እመልሳለሁ» አሉ። «ሰኞ ዕለት ሹሙ ቤት አሚን ብያለሁ። የተባለውን ግን አልሰማሁትም። ደመና እያየሁ ነበር። አፌ ብቻ ነው አሚን ያለው።»



ሹም በሺር ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «ሸሆች፣ ዱዓ ያፈርሳሉ?» አለ።

«ዱዓ አላፈርስም። ለአላህ ያላልኩትን ለአላህ ብሏል እየተባለ ዝም ካልኩ በሱ ላይ መዋሸቴ ነው። የማፈርሰው ውሸቴን ነው። በላይኛው ሰፈርም ቤት ሰጥተኸኛል፤ አልገባበትም። ሰዉ ይስማው ብዬ ነው።»

«ከከተማ እንደሚወጡ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ። ጦይብ ሲወጣ አይቻለሁ። ፈርቻለሁም፤ ጉልበቴን እየው።» እውነትም የጀለቢያቸው ጫፍ ሲርገበገብ ከሩቅ ይታይ ነበር።

ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

«አሁን ዱዓ አደርጋለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማደርገው። ሰምታችሁ የማትፈጽሙትን አሚን አትበሉ። ያ ረቢ፣ ከዚህ ስንወጣ እያንዳንዳችን ከአደባባዩ አንድ አንድ ድንጋይ ተሸክመን ወደ ካቡ እንድንወርድ ወፍቀን፣ እርዳን።»

አሚን የሚል ጠፋ። አርባ ዓመት ሙሉ ቃላቸውን ሳይጨርሱ አሚን ይሉ የነበሩት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ሹሙን ያያሉ። ሸሆቹ ጠበቁ። ብቻዬን ቀረሁ ብለው አሰቡ፤ ብቻቸውንም ቢሆን አንድ ድንጋይ መሸከም መቻላቸውን መጠራጠር ጀመሩ።

«አሚን» የሚል አንድ የሴት ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ መጣ። የሩቅያ ነበር።

ከበሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ደገመው። ከዚያ ሦስት አራት ሆኑ። ከዚያ እነዚያ ቋጠሯቸውን ያስፈቱት ሰዎች፣ ቀጥሎ ምንም ጎርፍ የማይደርስባቸው የላይኛው ሰፈር ሰዎች ተከተሉ። የዚያን ቀኑ አሚን እንደ ሌላው ቀን አልጮኸም። ሰው ፈርቶ ነበር፤ እያሰበ ነበር ያለው። ሹም በሺርም እጁ እንደተዘረጋ ቀርቶ ነበር፤ መልሶ መክተቻ አጣ።

ሲወጡ በቀጥታ ወደ አደባባዩ ሄዱ። የድንጋዩ ጠባቂዎች ወደ ሹሙ አዩ፤ ሹሙም ጀማዓውን አይቶ ወደ ቤቱ ገባ። የከተማውን ሰው ሁሉ ማስወጣት አይችልም። አንድ ሽማግሌ ማስወጣት ግን ይችላል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሸህ ሱሩር ሙስሐፋቸውን በብብታቸው፣ ምንጣፋቸውን በትከሻቸው አድርገው ከከተማው በር ደረሱ። ሩቅያ እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ከካቡ እየሮጠች መጣችና ደረሰችባቸው።

«ሸሆች፣ እንዲሁ አይሂዱብን። ዱዓ ያድርጉልን» አለች እያለቀሰች።

«ገመዱን ይዘሻል?» አሏት።

ከመቀነቷ አወጣችው። ሸሆቹ ጫፉን ያዙና ቋጠሩ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሁለት ጊዜ ተፈታባቸው፤ በሦስተኛው ጠበቀ። ገመዱን መለሱላትና ይህን ብቻ ብለዋት ሄዱ።

«ልጄ፣ አሚን ከማለትሽ በፊት ዱዓውን ስሚ።»

ካቡን ጠግኖ ለመጨረስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በአሥራ አንደኛው ቀን ከዙሁር በኋላ ጎርፉ ወረደ። የታችኛው ሰፈር ሰው ልጆቹን አቅፎ፣ የድንጋዩን ጉርምርምታ እየሰማ፣ ቆሞ ጠበቀ። እንደ ወትሮው ፈሩ። ውሃው ካቡን መታ፣ ተመለሰ፣ ወንዙ ውስጥ ገባ። አንድ ዶሮ እንኳ አልተወሰደም። ሰዎች ሸሆቹን ፍለጋ ወጡ፤ ያገኛቸው ግን አልተሰማም።

ምእመናን ሆይ፣ እኔ ይህን ታሪክ በተናገርኩ ቁጥር ስለ ሹሙ አስባለሁ። «ይህን ካብ ጠብቀህ አቆይልን» ብሎ ለምኖ ነበር፤ ጌታችንም ተቀበለው፤ ካቡን ያቆመው ግን ሹሙ ለበሩ ባስጠረበው ድንጋይና በሚፈሩ ሰዎች ትከሻ ነው። ስለ ሸሆቹም አስባለሁ። ፍርሃት ሐራም ቢሆን ኖሮ እሳቸው የመጀመሪያው ወንጀለኛ በሆኑ ነበር። ፈርተው ነው የቆሙት፣ ፈርተው ነው የተናገሩት፣ ሲቋጥሩም እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኛስ? ስለ መንገዳችን፣ ስለ ውሃችን፣ ስለ ልጆቻችን ደኅንነት ስንሰበሰብ አንድ ሰው ቆሞ አሳምሮ ይናገራል፤ ትንፋሽ ሲስብ እኛ አሚን እንላለን። ወጥተን ስንሄድ ምን ላይ አሚን እንዳልን አናውቅም። አላህ ግን ሰምቶታል። ዛሬ እጃችሁን ልታነሱልኝ እያኮበኮባችሁ እንደሆነ አያለሁ። ቆዩ፤ አልጀመርኩም። መጀመሪያ ስሙኝ።