ንብ የጠበቀው ረድፍ

አንድ ከጤፍ አገር ተነሥቶ እንሰት አገር የገባ ሰው ነበረ።

ቆይ እታፈራሁ፣ ጥያቄሽን ረስቼው አይደለም። ልጄ ረድኤት አምስተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ ሌላ ልጅ ሆነችብኝ፣ ከዚህ ዓመት ምን ልጠብቅ ነው ያልሽኝ። እስከ አራተኛ ክፍል ሁለተኛ ስትወጣ የነበረች፣ የዋለችበትን አንድ ሳታስቀር የምትነግርሽ ልጅ ዘንድሮ አሥራ ዘጠነኛ ወጣች። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ስትዪያት «ምንም» ትልሻለች። ትናንት ደግሞ የሒሳብ ደብተሯን ከእጅሽ ቀምታ «ተዪኝ እማዬ፣ ራሴ እሠራዋለሁ» አለችሽ፤ ይህን ስትነግሪኝ እንባሽ መጣ። ቦርሳሽ ውስጥም ወደ አራተኛ ክፍል ትመለስልኝ የሚል ማመልከቻ ጽፈሽ ይዘሻል። ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ፣ አንቺንም ጭምር፤ መልሱን በአንድ ቃል ብነግርሽና ወደ ሥራሽ ብትሄጂ ደስ ባለኝ። አልችልም። ስለዚህ ተቀመጪና ስሚ፤ ማመልከቻውንም ለጊዜው አታውጪው።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ በኋላ እንዳትስቂበት ነው። በአገሩ ሳለ ከእሱ ማሳ አረም ፈልጎ የሚያገኝ አልነበረም። ያገባት ሴት ግን የእንሰት አገር ልጅ ነበረችና ተያይዘው ወደ ዘመዶቿ ሄዱ፤ አማቱም ከቤቱ ጀርባ ቁራሽ መሬት ሰጡት። እዚያው መሬት ውስጥ ወፍራም የእንሰት ሥር ከፍግ ጋር ቀብረውለት «ከዚህ ከአንዱ ብዙ ቡቃያ ይወጣልሃል፣ አሳድገው» አሉት። በዚያ አገር እንሰት የደረሰለት ቤት ዝናብ ቢቀርም አይራብም። ያልደረሰለት ደግሞ እያፈረ ከጎረቤት ይለምናል። ባልና ሚስቱ ደግሞ ልጅ ይመኙ ነበር። ስለዚህ የጓሮው ነገር የጓሮ ማሳመር ብቻ አልነበረም፤ የሚወለደው ልጅ ከአራት ከአምስት ዓመት በኋላ የሚበላው ነበር።

ከዚያ ሥር ከአርባ የሚበልጥ ቡቃያ ወጣ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ለምልሞ፣ ጉድጓዱን ሸፈነው። ሰውየው በየቀኑ ቅጠሉን እየቆጠረ ይደሰት ነበር። እሱ የሚያውቀው ጤፍ ነው። ጤፍ ከተዘራበት አይነሣም፤ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ጊዜው ሳይደርስ ቢጫ ከሆነ ታሟል። ይህ ዕውቀት ውሸት አልነበረም። በኋላ ያሳሳተው ግን ይኸው ዕውቀት ነው።

ዓመት ሲሞላ ጎረቤቱ መጡ፤ በሰፈሩ ስለ እንሰት የሚጠየቁ አሮጊት ነበሩ። ቡቃያውን አይተው ጊዜው ደርሷል አሉና አንድ በአንድ ነቃቀሉት። ሥሩን ከረከሙ፣ ያን የሚያምር ቅጠል ቆረጡ፣ ሁለት ቀን ደጅ ላይ አጋደሙት። ከዚያ እያንዳንዱን ለብቻው፣ በአንዱና በአንዱ መካከል ክንድ የሚያህል ቦታ እየተዉ ተከሉት። ሰውየው እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሞ ያያል።

«እማማ፣ ምን በደልኩዎት?» አላቸው።

አሮጊቷ ሳቁበት። ዳር ዳሩ ቢጫ ይሆናል፣ እሱን አትቁጠር፤ መካከል ላይ የተጠቀለለውን ቅጠል እይ፤ እሱ ከለሰለሰ ሮጠህ ጥራኝ፤ ከሥሩ ግን አትንካው ብለውት ሄዱ።

አልገባውም። ትናንት ያማረ ነገር ዛሬ ለምን ይቆረጣል? አንድ ላይ የበቀለ ለምን ይበተናል? በሳምንቱ ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ፤ እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሮታል፣ ሆኖም ሲያየው አላስቻለውም። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ይጠይቅ ጀመር። አንዱ ፍግ ጨምርበት አለው። ሌላው ፍጉ ነው ያቃጠለው አለው። ሦስተኛው ጥላ ሥራለት አለው፤ አራተኛው ደግሞ ያንተ እጅ ለእንሰት አይሆንም ብሎት ሄደ። እሱም ሁሉን ሰማ፤ ጠዋት ፍግ ይጨምራል፣ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ፍግ ይጠርጋል። ለሚስቱ እንዳይነግራት ፈራ፣ ዝም እንዳይል ጨነቀው። ግራ የገባው ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም እታፈራሁ፤ አንድ ነገር ካላደረገ አያርፍም።

መጀመሪያ አሥራ ሁለት ችግኝ አነሣና ወደ ድሮው ጉድጓድ መለሳቸው፤ እንደ በፊቱ ትከሻ ለትከሻ አድርጎ። በሳምንት ውስጥ ቀና አሉ፣ ለመለሙም። «አላልኩም?» አለ ለራሱ። አማቱ ቢመጡ የሚያሳያቸው ነገር በማግኘቱ ትንሽ ልቡ ተመለሰ።

የቀሩትን ግን ማመን አቃተው። በየጠዋቱ ለቤቱ ቅርብ ከሆኑት ይጀምርና አፈሩን በጣቱ ፈልፍሎ፣ ችግኙን ቀስ አድርጎ አንሥቶ፣ ሥር አውጥቶ እንደሆነ ያያል። ክር የመሰለ ነጭ ሥር ሲያይ ደስ ይለዋል፤ መልሶ ይቀብረውና በእግሩ ረገጥ ረገጥ ያደርገዋል። በማግስቱ ደግሞ ያነሣዋል። ያ ክር ትናንት ስንት አፈር ይዞ እንደነበረ፣ እሱ ሲያነሣው ምን እንደተበጠሰ አያይም። ሥር ማውጣቱን ለማወቅ ከማንሣት ሌላ መንገድ አልታየውም። ፈገግ አልሽ፣ አይደል? ቆይ፣ ገና ነው።

አንድ ረድፍ ብቻ አልነካም። የመጨረሻው ረድፍ አጥሩ ሥር ነበረ፤ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የአሮጊቷ የንብ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ያ ጎበዝ ሰው፣ ጅብ የማይፈራ ሰው፣ ንብ ይፈራ ነበር። ልጅ ሆኖ ፊቱ አብጦ ዓይኑ እስኪደፈን ነድፈውታል። ስለዚህ ፍጉን ከሩቅ ወርውሮ ይሸሻል፤ አረሙን በረጅም ዘንግ እየጎተተ ያወጣል፤ ፍየል ሲመጣ በድንጋይ ያባርራል። ተጠግቶ ጎንበስ ማለት ግን አልደፈረም። ያን ረድፍ እንደጠፋ ቆጥሮት ነበር።

ክረምቱ አለፈ። አማቱ ልጄንና ጓሮዋን ለማየት እመጣለሁ ብለው ላኩበት። ሰውየው ጓሮውን ሲያይ ለቤቱ ቅርብ ያሉት፣ በየቀኑ ያነሣቸው፣ አብልጦ የወደዳቸው፣ ከሥራቸው በስብሰዋል። የመካከሎቹ ቆመዋል፣ ይኑሩ ይሙቱ አይታወቅም። ሚስቱም ፀንሳ ኖሮ ልትወልድ ጥቂት ቀን ቀርቷታል። ያን ጊዜ አፍሮም ቢሆን ወደ አሮጊቷ ሄዶ የሞተውን ከዳነው መለየት አቃተኝ አላቸው። እኔ ይህን ስናገር አዝንለታለሁ፣ ምክንያቱም አንድም ነገር በስንፍና አላጠፋም።

አሮጊቷ በችግኞቹ መካከል ሄዱ። ጉድጓዱ ጋ ደርሰው የአሥራ ሁለቱን ለምለም ቅጠል በእጃቸው ገለጥ አደረጉት፤ ከቅጠሉ በታች ያለው ግንድ ጣት አያህልም፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተጠላልፏል። እነዚህ ለከርሞ እንደገና ይበተናሉ፣ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ቀሩ አሉና አለፉ። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር ብለው አዩት። እሱ ርቆ ቆሟል።

«ና» አሉት።

«ንቡስ?»

«ንቡ ሥራ ላይ ነው። ና።»

ጋቢውን ተከናንቦ ቀረበ። የመጨረሻው ረድፍ ከሁሉ ያስጠላል። ዳር ዳሩ ደርቋል፣ ነፋስ ቀዶታል፤ መካከል ላይ አንድ አጭር ቅጠል ተጠቅልሎ ቆሟል። አሮጊቷ አንዱን አሳዩትና ንቀለው አሉት። እንደለመደው በሁለት ጣቱ ብድግ ሊያደርገው ሞከረ። አልመጣም። በእጁ ጨብጦ ሳበ፤ አልመጣም። በሁለት እጁ ያዘው፣ ጋቢው ከራሱ ወደቀ፣ ንቡን ረሳው፤ ችግኙ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሰውየው ከበፊቱ የባሰ ግራ ገባው። «እኔ ለዚህ ምን አደረግኩለት?» አላቸው።

«ፍግ ሰጠኸው» አሉት። «አረሙን ጎተትክለት። ፍየል ከለከልክለት። የቀረውን ንቡ አደረገልህ።»

አማቱ መጡ፣ የበሰበሰውን አዩ፣ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም። የአጥሩ ሥር ረድፍ ሲደርስ ያን ቤት አበላ። ሰውየው ገባው ወይ ብትዪኝ ግን፣ እኔ እንጃ። የሚያውቁት እንደሚሉት እስከ እርጅናው ድረስ ጓሮውን ሲዞር ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው። ለምን ብለው ሲጠይቁት «እነሱን አላምናቸውም» ይላል፤ እጆቹን ማለቱ ነው።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ።

አራተኛ ክፍል ያ ጉድጓድ ነበር። አንዲት መምህርት፣ አንድ ክፍል፣ ከዕለት እስከ ዕለት የማይለወጥ ፊት። መምህርቷ የረድኤትን ማስነጠስ ሳይቀር ለይታ ታውቅ ነበር። አምስተኛ ክፍል ደወል በተደወለ ቁጥር ሌላ ሰው ይገባል። የሳይንሱ ይፈጥናል፣ የእንግሊዝኛዋ ትቆጣለች፣ የሒሳቡ እስከ ጥር ድረስ ስሟን አይዝም። በቃሏ ስትለው የኖረችውን ለምን እንደሆነ አስረጂ ይሏታል። ከጎኗ የማትለየው ጓደኛዋ ሌላ ክፍል ተመደበች። ልጅቷ ተነቅላ፣ ተከርክማ፣ ለብቻዋ ተተክላለች፤ ቅጠሏ ቢጫ ቢሆን ምን ይገርማል? አሥራ ዘጠነኛ መውጣቷ ያ ቢጫ ቅጠል ነው። አንቺ ደግሞ የጤፍ አገር ሰው ሆነሽ ቅጠል ትቆጥሪያለሽ።

አትቆጪኝ። ከሰዓት በኋላ ስትመጣ ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ እየገለበጥሽ፣ የትኛው መምህር ምን አለሽ፣ ለምን አልመለስሽም፣ ከማን ጋር ተቀመጥሽ ስትዪ፣ ለመምህራኑም በዕረፍት ሰዓታቸው በየቀኑ ስትደውዪ፣ ያ ፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ያም ሰው አፈሩን ሲፈለፍል ፍቅር ነበር። ክሩ ግን ይበጠሳል።

ታዲያ ዝም ልበል ወይ ትዪኛለሽ። አላልኩም። ንብ የፈራው ሰው ፍግ መወርወሩን አላቆመም። ምሳዋን ቋጥሪላት፣ የምታጠናበት ጸጥ ያለ ጥግ ስጫት፣ ወላጅ ሲጠራ ሂጂ፣ ስትመጣ ቤት ተገኚ። የመካከሉን ቅጠል ደግሞ እዪ። ጠዋት ሳትጎተት ትሄዳለች? ከትንሽ ወንድሟ ጋር ትስቃለች? አዎ ካልሽኝ ተቀመጪ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት መሄድ ከፈራች፣ በየማለዳው ሆዴን ካለች፣ መሳቋን ካቆመች፣ ያ የዳር ቅጠል አይደለም፤ ያን ጊዜ ለኔ ምሳሌ አትቆዪ፣ ሩጪ።

ምን ልጠብቅ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አለማወቅን ጠብቂ። ይህን ዓመት ልጅሽን ግማሿን አታውቂያትም። እኔ በየመስከረሙ ያን ሁሉ ልጅ ተቀብዬ፣ የትኛው ሥር እንደያዘ የትኛው እንዳልያዘ ሳላውቅ ነበር እስከ ጥር የምገፋው። አሁንም አይገባኝም። የለመድኩት እጄን ወደ ኋላ ማጣመር ብቻ ነው።

ማመልከቻውን ብታስገቢ እሺ ሊሉሽ ይችላሉ። ረድኤትም ወደ ጉድጓዱ ተመልሳ በሳምንቱ ቀና ትላለች፤ ሁለተኛ ትወጣለች፣ የዋለችበትንም ሁሉ ትነግርሻለች። አንቺም ደስ ይልሻል። ከርሞ ግን ያው መንቀል ይጠብቃታል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ሂጂ። ትናንት ያን የሒሳብ ደብተር በአንዱ ጫፍ አንቺ ይዘሽ፣ በሌላው እሷ ይዛ ነበር ብለሻል። ሳብሽ። አልለቀቀችም። «ተዪኝ፣ ራሴ እሠራዋለሁ» አለችሽ፣ ከዚያም ጥጓ ሄዳ ተቀመጠች። አንቺ ይህን ነገር ንቀት ነው ብለሽ አልቅሰሽ ነው የመጣሽው።

እታፈራሁ፣ እኔ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከእያንዳንዱ ልጅ ስጠብቅ የኖርኩት ያንን ነው። ስበሻት አልመጣችም፤ ይዛለች።