ከገደሉ ስር «አቤት» የሚለው

አንድ አናጺ ነበረ፤ እናቱን ትቶ ከአገሩ የወጣ።

ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ወለላ። ከሰው አገር እንደተመለስሽ «የኔታ፣ የተወለዱበት ይሻላል ወይስ የሰው አገር?» ብለሽኛል። ይህም ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲጠይቅ የኖረው ይህንኑ ነው። የእሱን ልንገርሽ።

መንደራቸው ከትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ነበረ። ገደሉ ከጥልቀቱ የተነሳ በስሩ የሚያልፈው ወንዝ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል፣ እሱም በክረምት። የሰውየው ስም አንለይ ነው። እናቱ ባሏን ቀብራ የቀረች ባልቴት ናት፤ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራትም። ስሙንም ያወጣችለት እሷው ናት፤ ከእንግዲህስ አንለይ ብላ።

ልጁ ሲጎረምስ አናጺነት ለመደ። ነገር ግን ድሃ መንደር ስንት በር ያሠራል? በላዩ ላይ ዝናብ ቀረ። ሰው የበሩን ሳንቃ እየነቀለ ማገደ። አንለይም አንድ ቀን መጋዙንና መጥረቢያውን በጆንያ ጠቅልሎ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወረደ፤ ባሕርም ተሻገረ።

እናቱ አንድ ልማድ ነበራት። ልጇ ትንሽ ሳለ ጀምሮ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአፋፉ ቆማ ትጠራዋለች፤ «አንለይ! አንለይ ሆይ!» እሱም ካለበት ሆኖ «አቤት እምዬ!» ይላታል። ከሄደም በኋላ መጥራቷን አልተወችም። ጎረቤቶቿ፣ «ተይ አንቺ ሴት፣ የሌለ ሰው በማምሻ አይጠራም፤ ያልጠሩት ይሰማል» አሏት። እሺ አላለችም።

አንድ ቀን ጠርታ ልትመለስ ፊቷን ስታዞር፣ ከገደሉ ስር፣ «አቤት እምዬ» አላት።

የልጇ ድምፅ ነው። ጎርነን ማለት ገና የጀመረ፣ ጫፉ ላይ ሰንጠቅ የሚል፣ የሄደ ዕለት የነበረው ያው ድምፅ።

በማግስቱ አንዲት ጎረቤቷን ይዛ ሄደች። ያቺም ሰማች። ገደል ማሚቶ ነው እንዳትዪኝ፤ ገደል ማሚቶ የጠራሽውን ስም ነው የሚመልስልሽ፣ «አቤት» አይልም። ጎረቤቲቱ እያማተበች ሮጠች፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰዓት ወደ አፋፉ ዝር ብላ አታውቅም። እናትየው ግን ተጽናናች። በየማምሻው ትጠራለች፤ በየማምሻው «አቤት እምዬ» ይላታል። ምግብ ይበላላት ጀመር፤ እንቅልፏም ተመለሰ። ስለ ልጇ የጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ደኅና ነው፣ ትናንትም ሰምቼዋለሁ።» ሰዎቹም ቀስ በቀስ መጠየቁን ተዉት።

ወዲያ ማዶ አንለይ ከአንድ የወደብ ከተማ ገባ። የአገሩ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። ሥራውን አይተው ወደዱት፤ የትልልቁን ቤት በር ሁሉ ለእሱ ሰጡት። ስሙን መጥራት ግን ምላሳቸው እምቢ አለና «አናጺው» አሉት፣ በዚያው ቀረ። ከጎኑ የመርከብ ሸራ የሚሰፋ አንድ ሽማግሌ ይኖር ነበር። ቋንቋውን ያስተማረው፣ ሲታመምም ሾርባ ይዞለት የሚመጣው ይህ ሰው ነው።

ሥራውን ጨርሶ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ አንለይ የእናቱ ጥሪ ይሰማዋል። ድምጿ እንደ ጥንቱ ጥርት ያለ ነው። ዓመታት ሄዱ፣ የራሱ ጠጉር ሸበተ፤ ያ ድምፅ ግን አላረጀም። እሱም እዚያው እንደተቀመጠ «አቤት» ይላል፤ ብሎም ልቡ ይረጋል።

ሸራ ሰፊው አንድ ቀን ሰማውና፣ «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለው።

«ከእናቴ።»

«እንዴት ናት ታዲያ?»

«አላውቅም» አለ አንለይ። ያን ጊዜ ብርድ ብርድ አለው፣ በዚያ ወበቅ ውስጥ። በየቀኑ የሚያናግራትን ሴት እንዴት እንደሆነች አያውቅም። ጨረቃዋ ሳትሞላ ዕቃውን ሸክፎ ተነሳ።

መንደሩ ሲደርስ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነበረች። ከአፋፉ በኩል አንዲት አሮጊት ትጣራለች። ድምጿ የደረቀ ቅጠል ሲረግጡት እንደሚሰማው ነው። አላወቃትም፤ ያወቀው የራሱን ስም ነው። «አንለይ! አንለይ ሆይ!»

«አቤት» ሊል አየር ሲስብ ሌላው ቀደመው።

«አቤት እምዬ» አለ ከታች።

ከአንለይ ትከሻ ጆንያው ወደቀ። የሰማው ራሱን ነው፤ ከአገሩ የወጣውን፣ ጢም ያላወጣውን ራሱን። እናቱን አያት። ዓይኗን ሞራ ሸፍኖታል፤ በምርኩዝ ቆማለች። ጥንት ተደግፋ የምትጣራበት ትልቅ ድንጋይ ከኋላዋ ቀርቷል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ድምፁ ስትጠጋ ኖራ፣ እግሯ ሣሩን እስከ ገደሉ ጠርዝ ድረስ መልጦታል።

«ዛሬስ ቅርብ ነህ፣ ልጄ» አለችና ምርኩዟን ወደፊት አነሳች።

«እምዬ፣ ቁሚ! እኔ ነኝ፤ ከኋላሽ ነኝ!»

ቆመች። ፊቷን ግን አላዞረችም። «ማነህ አንተ?»

«አንለይ ነኝ።»

«አይደለህም። አነጋገርህ የእንግዳ ነው። ልጄ ያውልህ ከታች።» እንዲሰማም ብላ ጠራች። እሱም ባለ በሌለ ኃይሉ «አቤት!» ሲል፣ ያኛው ከስር እኩል «አቤት እምዬ!» አለ። ሁለቱ ድምፆች አየር ላይ ተገናኙ። አሮጊቷ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አዳመጠችና ራሷን ነቀነቀች።

«አንተ አታውቅበትም» አለችው፤ በቁጣም አልነበረም። ደግሞ አንድ እግር ተራመደች። ከእግሯ ስር ጠጠሮች ተንከባለሉ፤ ሲያርፉ አልተሰሙም።

ሮጦ እንዳይይዛት ደንግጣ ትወድቃለች። እንዳይተዋት ትሄዳለች። አንለይ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አቤት» ማለቱን ተወ። በቀስታ፣ ከጎኗ እንደተቀመጠ ሰው፣ «እምዬ፣ እንዴት ነሽ?» አላት።

ሊረግጥ የተነሳ እግሯን መለሰች።

«ያን እግርሽን ምን ሆነሽ ነው የምትጎትቺው?»

ምርኩዟን መሬት ላይ ተከለች።

«ክረምቱን ማን ጋር ነው የምትከርሚው? ውኃ ማን ይቀዳልሻል?»

ከዚያ አሮጊቷ ወደ ገደሉ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ወትሮው ሳትጮህ፣ «አንለይ፣ እግሬን አመመኝ» አለች።

«አቤት እምዬ» አለ ከታች።

«ዓይኔ ጠፋ፣ ልጄ።»

«አቤት እምዬ።»

«እንዴት ነሽ በለኛ!» ብላ ጮኸች። «አንድ ቀን እንኳ እንዴት ነሽ በለኝ!»

«አቤት እምዬ» አለ፤ በዚያው ለጋ ድምፁ፣ በዚያው ፍቅሩ።

ያን ጊዜ እናትየው ፊቷን ሳትመልስ የምርኩዟን ጫፍ ወደ ኋላ ዘረጋችለት። ልጇም ያዘው፤ እየሳበም ከጠርዙ አወጣት።

ነገሩ በዚህ አለቀ ብልሽ እዋሽሻለሁ። ብዙ ወራት «አንተ እንግዳ» እያለች ነው የጠራችው። ለብቻቸው ሲሆኑ ትላልቅ እጆቹን ትዳስስና ታለቅሳለች፤ የእሷ ልጅ እጁ ቀጭን ነበረ። እሱም ቢሆን ያቺን ድምጿ ጥርት ያለ እናቱን ነበር ፈልጎ የመጣው። ያገኘው ነጭናጫ አሮጊት ነው፤ እንጀራ ከትራሷ ስር የምትደብቅ፣ ሌሊቱን የምታስል። የሸራ ሰፊው ሾርባ እየናፈቀው የተቆጨባቸው ቀኖች ነበሩ። ግን በየጠዋቱ ይጠይቃታል፣ እሷም ትመልስለታለች፤ ኋላማ እሷም ጠየቀችው፤ «በዚያ አገር ማን ነበረህ?» አለችው። ስለ ሸራ ሰፊው ነገራት። «እኔ ሳልኖር ሾርባ ያበላህን እግዜር ይስጠው» አለች። ልጄ ብላ የጠራችው ያን ዕለት ነው።

ከገደሉ ስር ያለው ግን ዝም አላለም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ማንም ሳይጠራው፣ «አቤት እምዬ» ይላል። እሷ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። አንለይ የራሱን ድምፅ እየሰማ በሩን ቀስ ብሎ ይዘጋዋል።

«ታዲያ እዚያው ቀረ ወይስ ወደ ማዶ ተመለሰ፣ የኔታ?» ልትዪኝ ነው። እናቱን እስኪቀብር ቆየ የሚሉ አሉ፤ በዓመቱ ሄዶ ሲመላለስ ኖረ የሚሉም አሉ። እኔ አላጣራሁም፤ የትም ይኑር፣ ከዚያ በኋላ የት እንደሚኖር ያውቅ ነበር።

አየሽ ወለላ፣ አንቺም እዚያ በሰው አገር ተቀምጠሽ አገርሽን ትጠሪያለሽ፤ አገርሽም አቤት ይልሻል። የሚመልስልሽ ግን የገደሉ ድምፅ ነው። አያረጅም፣ አይታመምም፣ አይቆጣሽም፤ እንዴት ነሽም አይልሽም። ከእሱ ጋር ሲመዘን የትኛው የሰው አገር ያሸንፋል? መጥተሽ ደግሞ አቧራውንና የዘመዱን ኩርፊያ ስታዪ፣ «ይሄ አይደለም» ትያለሽ፤ ያኔ ወዲያ ማዶ ያለው በተራው እንዲያ አቤት ይልሻል። እንዲህ እያልሽ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ስትሄጂ ዕድሜሽ ያልቃል። የሚጠራሽ ሁሉ አገርሽ አይደለም፣ አቤት የሚልሽም ሁሉ። የምትጠይቂውና የሚጠይቅሽ ሰው ያለበት ግን፣ ወዲህም ይሁን ወዲያ፣ እሱ አገር ነው።

እናትሽ ትናንት እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። «ልጄ መጣች ይሉኛል፣ የኔታ፤ እኔ ግን ገና አላየኋትም» አለችኝ። ከመጣሽ ስንት ቀንሽ ነው? የሁለት አገር ፍርድ ይዘሽ እኔ ዘንድ ስትመላለሺ፣ እሷን ምን ብለሽ ጠየቅሻት?

ተነሺ እንግዲህ፤ ሳይመሽ ግቢ።